የአኳሪየም አሸዋ እንዴት ይታጠባል? ባሕር ዳር ላላችሁ

አኳሪየም ለመጀመር ያሰበ ሰው ስለ ዓሣው፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ መብራቱ ሲጠይቅ ይከርምና አሸዋው ላይ ሲደርስ «እሱማ የትም አይጠፋም» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር አሸዋ አይጠፋም። በየሰፈሩ ቤት ይሠራል፣ በየአጥሩ ሥር የአሸዋ ክምር አለ። ችግሩ የሚመጣው ያ አሸዋ እንዳለ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ውሃው ለቀናት አይጠራም፣ ፓምፑ አሸዋ ጎርሶ ይቆማል፣ ዓሣዎቹ ጭቃ ውሃ ሲተነፍሱ ይውላሉ። ከሞቱ ደግሞ ወቀሳው ሁሉ ወደ ዓሣ ሻጩ ይዞራል እንጂ ታች የተነጠፈውን አሸዋ ማንም አያየውም።

እዚህ የምጽፈው ስለ አሸዋ ብቻ ነው። ከየት ይምጣ፣ እንዴት ይፈተሽ፣ እንዴት ይታጠብ፣ እንዴት ይነጠፍ፣ ከተነጠፈ በኋላስ እንዴት ይጽዳ። ሥራው ከባድ አይደለም። ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ውሃም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ጀምሩት።

ከሐይቁ ዳር አትዛቁ

መጀመሪያ የሚመጣላችሁን ሐሳብ አውቀዋለሁ። ጣና ደጃችን ነው፣ ባልዲ ይዞ ወርዶ መዛቅ ነው። ይቅርባችሁ።

አንደኛው ነገር ጤና ነው። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። የበሽታው ተሕዋስ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም፣ እግር መንከር ይበቃዋል። ለአንድ ባልዲ አሸዋ ብሎ እስከ ጉልበት ገብቶ መቆም ዋጋ የለውም። ቀንድ አውጣዎቹና እንቁላላቸውም ከአሸዋው ጋር ተዝቀው ቤት ሊገቡ ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ የምትዝቁት ብዙውን ጊዜ አሸዋ አይደለም፣ ደለል ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ አፈር ተሸክመው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ታች ያለው ጭቃ ይነሣል። ያንን ጭቃ አጥቦ ለመጨረስ ከሚወጣው ውሃ ሌላ አሸዋ መግዛት ይሻላል።

ሌላው ደግሞ ዳሩ ራሱ ነው። ደንገሉና ሣሩ ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ቆሮሶ የሚራባበት ቦታ ነው። የጣና አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ዓሣ የምንወድ ሰዎች ሆነን ለሳሎናችን ብለን ያንን ዳር ባንቆፍረው ደስ ይለኛል።

የቱን አሸዋ? ምን ያህል?

የግንባታ አሸዋ ይበቃል። ከውጭ የመጣ፣ በላስቲክ የታሸገ የአኳሪየም አሸዋ ካገኛችሁና አቅሙ ካላችሁ ግዙት፣ አልቃወምም፣ ግን እሱም ቢሆን ሳይታጠብ አይገባም።

የግንባታ አሸዋ ስትጠይቁ «የልስን ነው የኮንክሪት?» ትባላላችሁ። የልስኑ ደቃቅ ነው፣ የኮንክሪቱ ሸካራና ኮረት የተቀላቀለበት። ለእኛ የሚሆነው በሁለቱ መሐል ነው። ፍሬው ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ በዓይን ለመገመት የጤፍ ፍሬ የሚያክለውን ፈልጉ። ከዚያ በጣም ከደቀቀ ተጠቅጥቆ አየር አያሳልፍም። በጣም ከሸከረ ደግሞ የምግብ ትርፍራፊና የዓሣ ኩስ በፍሬዎቹ መሐል ወርዶ ታች ይበሰብሳል። ሁለቱንም ከሚሸጥ ሰው የኮንክሪቱን ወስዶ በቤት መንፋት ይቀላል፣ ምክንያቱም ኮረት ማውጣት ዱቄት ከማውጣት ይልቅ ቀላል ነው።

ለዚህ ብላችሁ ቢያጆ አሸዋ አታስጭኑም መቼም። ቤት የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ ፎርማኑን ወይም ጥበቃውን አናግሩ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ለመሸጥ እምቢ የሚል ብዙ የለም። ስትወስዱ ግን ቦታውን እዩ። ሲሚንቶ የሚቦካበት አጠገብ ካለው ጎን አትውሰዱ። ትንሽ የሲሚንቶ ዱቄት እንኳ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያውን) ወደ ላይ ይሰቅለዋል። መኪና ቆሞ ዘይት ያንጠባጠበበትን፣ ድመትና ውሻ የሚጸዳዱበትን የክምሩን ጫፍም ተዉት። ከመሐል፣ ትንሽ ጠለቅ ብላችሁ ውሰዱ።

መጠኑን ለማወቅ የገንዳውን ርዝመት፣ ወርድና የምትፈልጉትን የአሸዋ ውፍረት በሴንቲሜትር አባዙና ለ1000 አካፍሉ፣ ሊትር ይሰጣችኋል። ያንን በ1.6 ስታባዙት በግምት የደረቅ አሸዋውን ኪሎ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 የሆነ ገንዳ ላይ 3 ሴንቲሜትር ለማንጠፍ 5.4 ሊትር ያስፈልጋል፣ ይህም 8 ወይም 9 ኪሎ ገደማ ነው። ሲነፋና ሲታጠብ ብዙ ስለሚቀንስ እጥፉን ያዙ።

ከመታጠቡ በፊት ይፈተሽ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። መጥፎ አሸዋ መሆኑን አጥባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

መጀመሪያ የጭቃውን መጠን እንይ። ንጹሕ የማር ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን አሸዋ አድርጉ፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ በጥብጡት። ከዚያ ሳትነካኩ አስቀምጡት። አሸዋው ደቂቃ ሳይሞላ ታች ይወርዳል። ደለሉ በሰዓታት ውስጥ በላዩ ይተኛል፣ ሸክላ አፈር ካለው ደግሞ ውሃው በማግስቱም ድፍርስ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጠርሙሱን ከጎኑ ስታዩት ንብርብሩ ይታያል፦ ከታች ሸካራው፣ ከላዩ ደቃቁ፣ ከዚያ ልስልስ ያለችው ቡናማ ጭቃ። የጭቃዋ ውፍረት ከአሸዋው አንድ አምስተኛ ካለፈ ሌላ አሸዋ ፈልጉ። መታጠብ ስለማይችል አይደለም፣ ውሃና ጉልበት ስለሚጨርስ ነው።

ቀጥሎ አቼቶ። ማንኪያ አሸዋ ሳህን ላይ አድርጉና መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት፣ ምክንያቱም ደረቅ አሸዋ ላይ ፈሳሽ ሲፈስ በፍሬዎቹ መሐል ያለው አየር ስለሚወጣ አረፋ የሠራ ይመስላል። ከዚያ አቼቶ አፍስሱበትና ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ጆሯችሁንም አስጠጉ። ዝም ካለ ጥሩ ነው። ቺስ እያለ ትንንሽ አረፋ መሥራቱን ከቀጠለ ውስጡ ካልሲየም ካርቦኔት አለ ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ያለው ዐለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ስለሆነ አሸዋው አረፋ ከሠራ መጀመሪያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም ሲሚንቶ ጠርጥሩ። ካልሲየሙ ቀስ እያለ እየሟሟ ውሃውን ያጠነክራል። ጉፒ የሚባለው ዓሣ ጠንካራ ውሃ አይጠላም፣ እንደ ኒዮን ቴትራ ያሉት ዓሣዎች ግን ለስላሳ ውሃ ነው የሚወዱት። ሲሚንቶ ከሆነ ለማንም አይሆንም። የፈተሻችሁበትን አሸዋ ድፉት፣ ወደ ማዳበሪያው አትመልሱት።

ሦስተኛው ማግኔት ነው፣ ለጥቁር አሸዋ በተለይ። ከተበላሸ የሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ በደረቁ አሸዋ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ አዙሩት። ከባዛልት የመጣ አሸዋ ማግኔታይት የሚባል ብረት ያዘለ ማዕድን ሊኖረው ይችላል፣ ካለው ጥቁር ዱቄት ፌስታሉ ላይ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታያላችሁ። ለዓሣው መርዝ ስለሆነ አይደለም የምናስወግደው። የፓምፑ ሞተር የሚዞረው በማግኔት ነው፣ እነዚህ ፍሬዎች ሄደው እሱ ላይ ይለጠፉና ዘንጉን ይበሉታል። መስታወቱን የምትወለውሉበት ማግኔት ላይ ከተለጠፉ ደግሞ መስታወቱን ይጭሩታል፣ የተጫረ መስታወት ደግሞ አይድንም። ፌስታሉን ገልብጣችሁ ዱቄቱን ጣሉ፣ ማግኔቱ ምንም ሳይዝ እስኪመለስ ድረስ ደጋግሙ። አሸዋው ሁሉም ጥቁር ሆኖ ግማሹ ወደ ማግኔቱ የሚሮጥ ከሆነ ያ አሸዋ ለአኳሪየም አይሆንም።

መንፋት

አሸዋው ደረቅ እያለ ይነፋል። ሁለት ወንፊት ያስፈልጋል። መጀመሪያ መስኮት ላይ ለወባ ትንኝ የሚወጠረው ሽቦ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ መትታችሁ። ኮረቱ፣ እንጨቱ፣ ሚስማሩ ላይ ይቀራል። ያለፈውን በዱቄት ወንፊት ንፉት፣ አሁን የሚፈለገው ላይ የቀረው ነው፣ ታች የወረደውን ዱቄት አትክልት ቦታ ድፉት። የእናታችሁን ወንፊት ግን ተዉት፣ ለዚሁ ሥራ ሌላ ግዙ።

ደጅ ሥሩ፣ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ደቃቅ የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ልጆችን አርቁ።

ማጠብ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፣ ሰው የሚቸኩለውም እዚሁ ነው።

20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ያዙ፣ ሳሙና ወይም ቀለም ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ሩቡን ብቻ አሸዋ አድርጉ። ብዙ አሸዋ ከጨመራችሁ እጃችሁ ታች ስለማይደርስ የላዩ ይጠራና የታቹ ጭቃ እንደሆነ ይቀራል። ባልዲው ሦስት አራተኛ እስኪደርስ ውሃ ሙሉ፣ ክንዳችሁን አስገብታችሁ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አንገዋልሉት። እጃችሁን አውጡ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሸዋው ይቀመጣል፣ ጭቃው ግን ገና ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ነው ያለው። ባልዲውን ቀስ ብላችሁ አዘንብላችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ አሸዋው መንሸራተት ሲጀምር አቁሙ። የሚንሳፈፍ ሥር፣ ቅጠል፣ ቀላል ድንጋይ ካለ አብሮ ይሂድ።

የመጀመሪያው ውሃ በነሐሴ እንዳለው አባይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አትደንግጡ። ደጋግማችሁ ስታጥቡት ቡናማው ወደ ግራጫ፣ ግራጫው ወደ ነጣ ያለ ድፍርስ ይቀየራል። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ «ጠርቷል» ብሎ ያቆማል። አልጠራም። ያ ነጣ ያለው ድፍርስ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ለቀናት የማይወርደው ደቃቁ ሸክላ ነው። እኔ የምለው እዚህ ሲደርስ ነው ሥራው የሚጀመረው፣ ክንድም የሚደክመው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም ሊፈጅ ይችላል፣ እንደ አሸዋው ነው።

መጥራቱን በአሸዋው መልክ አትፍረዱ፣ በተለይ ጥቁር ከሆነ። ጥቁር አሸዋ ጭቃ እያለበትም ንጹሕ ይመስላል። ፈራጁ ውሃው ነው። ባልዲውን በጥብጡ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከላይ በጥርት ያለ ብርጭቆ ቅዱ። ከብርጭቆው ጀርባ ጋዜጣ ያዙ። ደቃቁን ፊደል ያለ ችግር ካነበባችሁ አልቋል። ፊደሉ ደብዘዝ ካለ አንድ ሁለት ዙር ይቀራችኋል።

አሁን ስለ ውሃው። ቧንቧው ግፊት ካለው ጎማውን ባልዲው ሥር ድረስ አስገብቶ ውሃው ሞልቶ እንዲፈስ መተው ቀላል ነው። ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የያዘውን ለአሸዋ መጨረስ ያናድዳል፣ ቤተሰብም አይፈቅድም። ለዚህ ሦስት ባልዲ አሰልፉ። አሸዋውን መጀመሪያ አንደኛው ውስጥ እጠቡ፣ ውሃውን ሳትደፉ አሸዋውን ብቻ ወደ ሁለተኛው አሸጋግሩ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። የአንደኛው ውሃ ጭቃ ሲሆን እሱን ብቻ ድፉትና ሁለተኛውን አንደኛ፣ ሦስተኛውን ሁለተኛ አድርጉ፣ ንጹሑን ውሃ ሁልጊዜ በመጨረሻው ላይ ሙሉ። እንዲህ ሲሆን ንጹሕ ውሃ የሚነካው ሊጠራ የተቃረበውን አሸዋ ብቻ ነው፣ የሚባክነውም በጣም ይቀንሳል።

የታጠበበትን ውሃ ሽንት ቤት ወይም የእቃ ማጠቢያ ውስጥ አትድፉ፣ አሸዋው ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ይደፍነዋል። ጎመኑ ሥር ወይም ማንጎው ሥር ይፍሰስ፣ ደለሉን ይወዱታል።

ኦሞ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ምንም ዓይነት ማጽጃ አይግባ። ሳሙና አሸዋ መሐል ከተቀመጠ ታጥቦ አያልቅም፣ የዓሣ ስንጥብ ደግሞ ትንሹንም አይችልም።

ጀርም መግደል

ከወንዝ የመጣ አሸዋ ጥገኛ ትል፣ የቀንድ አውጣ እንቁላልና ሌላም ሊይዝ ስለሚችል ይህን ባትተዉት ጥሩ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

እኔ የምመርጠው መቀቀልን ነው። ወጥ የማይሠራበት አሮጌ ድስት ውስጥ አሸዋው እስኪሸፈን ውሃ ጨምሩ፣ ከሰል ላይ ጣዱትና መፍላት ከጀመረ በኋላ 15 ደቂቃ አቆዩት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለሥራችን ይበቃል። በእንጨት ማማሰያ እያማሰላችሁ ይሁን። ካልተማሰለ ከታች የታፈነው እንፋሎት ድንገት አሸዋውን ወደ ላይ ይረጨውና ያቃጥላችኋል። ትኩሱን አሸዋ በጭራሽ መስታወት ውስጥ አትገልብጡ፣ ይሰነጠቃል።

አሸዋው ብዙ ከሆነ በረኪና ይቀላል። ሽታ ያልተጨመረበት ይሁን። አንድ ኩባያ በረኪና በሃያ ኩባያ ውሃ በጥብጡ፣ አሸዋውን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ አራት አምስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። በመቀጠል ሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እየገለበጣችሁ። ፀሐይ የቀረውን ክሎሪን ይጨርሰዋል። እፍኝ አሸዋ አንስታችሁ አሽትቱ፣ የበረኪና ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ገንዳው ጋ አይቅረብ። ድመትና ዶሮ እንዳይደርሱበት ጠብቁ፣ ያለዚያ ከአንድ ትጀምራላችሁ። ይህን ሥራ ክረምት ሳይገባ ብትጨርሱት ይሻላል፣ ሐምሌ ላይ አሸዋ ማድረቅ መከራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ እንዳይገናኙ። ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የአቼቶው ፈተና የመጣው ቀድሞ፣ በትንሽ አሸዋ፣ በሌላ ዕቃ ላይ ነው፣ እዚያው አልቋል።

ማንጠፍ

ድንጋይ የምታስገቡ ከሆነ መጀመሪያ ድንጋዩ መስታወቱ ላይ በደንብ ይቀመጥ፣ አሸዋው በዙሪያው ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ዓሣ ሥሩን ሲቆፍር ይንሸራተትና መስታወት ይመታል። ከአስጋሪ ላይ ትንሽ ቆሮሶ ገዝተው የሚያስገቡ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የቆሮሶ ወንድ ሲራባ አሸዋውን በአፉ እያነሣ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ቆሮሶ ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚሆን ለሳሎን ገንዳ ባታስቡት ይሻላል እንጂ።

አሸዋውን በእፍኝ ወይም በኩባያ እያወረዳችሁ አንጥፉ። ከፊት 3፣ ከኋላ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን ቆሻሻው ወደ ፊት ተሰብስቦ ለማውጣት ይመቻል፣ ለዓይንም ገንዳው ጥልቅ ይመስላል። ተክል ከሌለ ከ5 አትለፉ፣ ከዚያ በላይ ሲወፍር ታች አየር አይደርስም።

ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡ፣ ውሃው ሳህኑ ላይ ቀስ ብሎ ይውረድ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን አሳድሩት። ላይ አቧራ መሰል ስስ ነገር ከተንሳፈፈ ሶፍት ዘርግታችሁ አንሱት። ፓምፑን ወዲያው አታብሩ፣ የተነሣው አሸዋ ይቀመጥ። መምጠጫው አፍም ከአሸዋው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል።

በደንብ የታጠበ አሸዋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ውሃውን ጥርት አድርጎ ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ገደማ ውሃው እንደገና ነጣ ካለ አሸዋውን አትውቀሱ፣ ውሃው ውስጥ የበዛ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ፓምፑን አጥፍታችሁ ጠብቁ፦ የአሸዋ ድፍርስ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፣ የባክቴሪያው እዚያው ተንሳፎ ይቀራል፣ በራሱ ጊዜም ይጠፋል።

ዓሣውን በማግስቱ አታስገቡ። የዓሣ ኩስ የሚያወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች አሸዋውና ውሃውን የሚያጣራው የፓምፑ ስፖንጅ ላይ ነው የሚሰፍሩት፣ ለመብዛትም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ።

ከተነጠፈ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የሚመስል ነገር ይተኛል። ዲያቶም የሚባል አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ የተለመደ ነው። ጠርጋችሁ አውጡት፣ ገንዳው ሲረጋጋ ይተዋል።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ስትቀይሩ አሸዋውንም አጽዱ። ጠጠር የነጠፈ ሰው ቆሻሻውን ከውሃው ጋር የሚስብበትን ቱቦ ታች ድረስ ይወጋል፣ አሸዋ ላይ ግን እንዲህ አይደረግም። ቱቦውን ከአሸዋው አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ክብ ክብ እያላችሁ አዙሩ። ቆሻሻው ከአሸዋ ስለሚቀል ተነሥቶ ይሄዳል፣ አሸዋው ይቀራል። አሸዋ መውጣት ከጀመረ ቱቦውን በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉት፣ ወዲያው ተመልሶ ይወርዳል። ቱቦውን በአፍ ስባችሁ አታስነሡ። ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ሙሉት፣ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ያዙ፣ አንዱን ባልዲው ውስጥ አውርዳችሁ ልቀቁ።

ከዚያ በጣት ወይም በቀጭን እንጨት የላዩን አንድ ሴንቲሜትር ቀስ ብላችሁ አነቃንቁ፣ በየሳምንቱ ከገንዳው አንዱን ጎን ብቻ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካገላበጣችሁ የሰፈሩትን ባክቴሪያዎች ታናጋላችሁ። በመስታወቱ በኩል አሸዋው ውስጥ ጥቁር ጠቃጠቆ ካያችሁና ስትነኩት የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ እዚያ ቦታ ኦክስጅን አልቋል። ጋዙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ለዓሣ መርዝ ነው። ከላይ እየነካካችሁ ወዲያው በቱቦ ሳቡት፣ ውሃም ቀይሩ። ብዙ ከሆነ ዓሣዎቹን ወደ ሌላ ዕቃ አውጡ። በአብዛኛው ምክንያቱ ምግብ ማብዛት ነው። በሁለት ደቂቃ የማይበሉትን አትስጧቸው።

እኛ ጋ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከተማ በአምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሸዋ ውስጥ የሚበሰብስ ምግብ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል፣ ከዓሣው ጋር ይሻማል ማለት ነው። ማታ መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚጎዳው አሸዋው የቆሸሸ ገንዳ ነው። ዓሣዎች ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ካያችሁ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከላይ መልሳችሁ አፍስሱ፣ አየር ይገባል። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረም ሲመጣ ፓምፑን ከማብራታችሁ በፊት ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አለቅልቁት፣ ውስጡ የታፈነው ውሃ ተበላሽቶ ይሆናል።

ከማጽዳቱ ጋር አሸዋው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስለዚህ ከታጠበውና ከደረቀው ሁለት ኪሎ ያህል በንጹሕ ፌስታል አስራችሁ አስቀምጡ። መጨመር ሲያስፈልግ ከላይ አትበትኑት። ኩባያ ሙሉ አርጥባችሁ አፉን በመዳፍ ሸፍኑ፣ ታች ድረስ አውርዱና መሬቱ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት።